የ1971 ቮልስ ልገዛ ነው፤ አንቲክ ታርጋ ላውጣለት?

ጥያቄው፦ «ሰላም ጋሼ። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። አባቴ አዲስ አበባ ቮልስ ነበረው። እኔም አንድ ቀን እገዛለሁ ስል ኖሬ አሁን ኒው ዮርክ ውስጥ አንድ የ1971 ሞዴል በ12,000 ዶላር አገኘሁ። ሻጩ ግን ታይትል (የባለቤትነት ማረጋገጫ) የለኝም፣ ሬጅስትሬሽን (የምዝገባ ወረቀት) ብቻ ነው ያለኝ ይላል። ጓደኞቼ አንቲክ ታርጋ አውጣለት፣ ኢንስፔክሽን የለ፣ በየዓመቱ ክፍያ የለ ይሉኛል። እውነት ነው? ወደ ሥራስ ልነዳው እችላለሁ? የአባቴ ቮልስ ደግሞ እሱ ካረፈ ወዲህ ግቢያችን ውስጥ ቆሟል። እሱን ማምጣት ይሻል ይሆን?»

ወንድሜ፣ ጤና ይስጥልኝ። አባትህን ነፍስ ይማር። አሮጌ መኪና ስጠግንና ለባለቤቶቹ የወረቀቱን ጣጣ ሳስጨርስ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። የአባቱን መኪና እያሰበ የሚመጣ ሰው ሲገጥመኝ ደስታዬ ሌላ ነው። ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ እመልስልሃለሁ።

ቸኩለህ ከሆነ ዋናውን ላስቀድም። መኪናው ለአንቲክ ታርጋ፣ ማለትም እንደ ቅርስ ለተያዘ አሮጌ መኪና ለሚሰጠው ልዩ ታርጋ፣ ይበቃል። ታርጋው አንዴ ይከፈልበታል እንጂ በየዓመቱ አይታደስም። ዓመታዊው ኢንስፔክሽን፣ አገር ቤት ቦሎ ለማውጣት የምንሰለፍበት ዓይነት ምርመራ፣ አይመለከተውም። ወደ ሥራ ግን አትመላለስበትም። ጓደኞችህ የነገሩህ እውነት ነው። ያልነገሩህ ግን ይበልጣል።

አንድ ነገር ልብ በል። እዚህ የምጽፋቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ለምን ይህን እንዳልኩህ ወደ አባትህ መኪና ስንደርስ ይገባሃል።

ከሻጩ ወረቀት እንጀምር። እዚያ ላይ ከተሳሳትክ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። «ታይትል የለኝም» ሲባል ሰው ይደነግጣል፤ መደንገጡም ተገቢ ነው። ኒው ዮርክ ላይ ግን ነገሩ ለየት ይላል። የኒው ዮርክ ዲኤምቪ፣ ማለትም የመኪና ምዝገባ ቢሮው፣ ለ1972 ሞዴልና ከዚያ በፊት ለነበሩ መኪኖች ታይትል አይሰጥም። በታይትሉ ቦታ የሚያገለግለው ለገዢ የሚተላለፍ ሬጅስትሬሽን ነው። ስለዚህ የ1971 ቮልስ ይዞ ታይትል የለኝም ያለህ ሰው በዚህ ብቻ አይጠረጠርም። መኪናው 1973 ቢሆን ኖሮ ግን «ታይትሉ የት ገባ?» ብለህ አጥብቀህ መጠየቅ ነበረብህ።

ከሻጩ ሁለት ወረቀት ትቀበላለህ። አንደኛው ያ ሬጅስትሬሽን ነው፤ ኮፒው ሳይሆን ዋናው፣ ሻጩ ከጀርባው ፈርሞበት። ሁለተኛው የሽያጭ ወረቀት ነው። ቀኑ፣ ዋጋው፣ የሁለታችሁ ስምና አድራሻ፣ የሻንሲ ቁጥሩ ይኑርበት። በሬጅስትሬሽኑ ላይ ያለው ስም ከሰውዬው መታወቂያ ጋር ካልገጠመ ተጠንቀቅ። «ከሌላ ሰው ገዝቼው ነው፣ በስሜ አላዞርኩትም» ካለህ ገንዘብህን አታውጣ። መጀመሪያ በስሙ አዙሮ ይምጣ። መኪናውን ወደድኩት ብለህ እዚህ ላይ አትላላ። ቆንጆ መኪና ገዝተው ወረቀቱ አልስተካከል ብሎ ጋራዥ ውስጥ ሸራ አልብሰው ያስቀሩ ሰዎች አይቻለሁ።

ቀጥሎ የሻንሲ ቁጥሩ። ዛሬ የምናውቀው ባለ 17 ፊደልና አሃዝ ቁጥር የመጣው ከ1981 ሞዴል ጀምሮ ነው። የ1971 ቮልስ ቁጥር 10 አሃዝ ብቻ ነው። አጭር ሆኖ ስታየው አትደንግጥ። ይህ ቁጥር ደግሞ ማንበብ ለሚችል ብዙ ይናገራል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች ዓይነቱን ይነግሩሃል፤ 11 ከሆነ የብረት ጣራ ያለው የተለመደው ቮልስ ነው፣ 15 ከሆነ ጣራው የሚታጠፈው ነው። ሦስተኛው አሃዝ የሞዴሉ ዓመት የመጨረሻ አሃዝ ነው። ስለዚህ ያንተው ባለ ብረት ጣራ ከሆነ 111 ብሎ መጀመር አለበት። 110 ካለ 1970 ነው፣ 112 ካለ ደግሞ 1972። ፋብሪካው የሚቀጥለውን ዓመት ሞዴል መሥራት የሚጀምረው በነሐሴ ወር ነበርና መኪናው 1970 መጨረሻ ላይ ተሠርቶ የ1971 ሞዴል ቢባል ስህተት የለውም።

ቁጥሩን ሁለት ቦታ ታገኘዋለህ። አንዱ ዳሽቦርዱ ላይ በሹፌሩ በኩል ነው፤ ውጭ ቆመህ በፊት መስታወቱ ይታይሃል። ሁለተኛው ከኋላ መቀመጫው ሥር ነው። መቀመጫውን ስታነሳ መሀል ለመሀል በሚያልፈው የወለሉ ጉብታ ላይ ተቀጥቅጦ ይገኛል። ሁለቱ አንድ መሆን አለባቸው፤ ከወረቀቱም ጋር መግጠም አለባቸው። ቮልስ ቦዲው ከወለሉ ጋር የሚያያዘው በብሎን ስለሆነ ባለፉት ሃምሳ ዓመታት የአንዱ ቦዲ በሌላው ወለል ላይ የተጫነባቸው ብዙ ናቸው። አንዳንዴ ደግሞ በአሮጌ ወረቀት ላይ በሻንሲ ቁጥር ፈንታ የሞተር ቁጥር ተጽፎ ይገኛል። ሞተሩ ሦስት ጊዜ ተቀይሮ ሊሆን ስለሚችል ያ ቁጥር ምንም አያስተማምንም።

ገዝተህ ስትጨርስ እየነዳሁ ልምጣ እንዳትል። ከኒው ዮርክ አሌክሳንድሪያ ከ200 ማይል በላይ ነው። ፍሬኑን የማታውቀውን መኪና ይዘህ እዚያ ሀይዌይ ላይ አትውጣ። በጭነት ይምጣልህ።

ቨርጂኒያ ከደረሰ በኋላ ቅደም ተከተሉ ቀላል ነው። መጀመሪያ መኪናው በስምህ ታይትል ይወጣለታል። ለዚህ የምትሞላው ቅጽ ቪኤስኤ 17ኤ ይባላል፤ የታይትሉ ክፍያ 15 ዶላር ነው። የሽያጭ ታክሱ 4.15 በመቶ ነው፤ መኪናው ምንም ያህል ርካሽ ቢሆን ከ75 ዶላር አያንስም። በ12,000 ዶላር ከገዛኸው 498 ዶላር ይመጣብሃል። ለአንቲክ ታርጋው ደግሞ ቪኤስኤ 10 የሚባለውን ቅጽ ትሞላለህ፤ ክፍያው አንዴ ብቻ 10 ዶላር ነው። በድምሩ 523 ዶላር ይዘህ ሂድ። ታይትሉ በስምህ እስካለ ድረስ ታርጋው ይሠራል። መኪናውን የሸጥክ ቀን ግን ታርጋው ለገዢው አይተላለፍም። እሱ የራሱን ያወጣል።

ቅጹ ላይ ሰው የሚሰናከልበት አንድ ጥያቄ አለ። ሌላ የምትነዳው መኪና ወይም ሞተር ብስክሌት እንዳለህ ማሳየት አለብህ። ሕጉ የሚለው «ያለው ወይም በመደበኛነት የሚጠቀምበት» ነው። የግድ በስምህ መሆን የለበትም። በባለቤትህ ስም የተመዘገበውን መኪና በየቀኑ የምትነዳ ከሆነ ያ ይቆጠርልሃል። የዚህ ጥያቄ ዓላማ ግልጽ ነው፤ አንቲኩ ብቸኛ መኪናህ እንዳይሆን ነው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ሁሉ ያለው። ብዙ ሰው አንቲክ ታርጋን እንደ ቅናሽ ያየዋል። ቅናሽ አይደለም፤ ቃል መግባት ነው። በቨርጂኒያ ሕግ አንቲክ ለመባል መኪናው 25 ዓመት መሙላቱ ብቻ አይበቃም፤ ባለቤቱ እንደ ቅርስ ሊይዘው ብቻ ያስቀመጠው መሆን አለበት። አንተ እዚያ ቅጽ ላይ ስትፈርም ይህን መኪና እንደ ተራ መኪና አልጠቀምበትም እያልክ ነው። መንግሥትም በዚህ ቃል ተማምኖ ነው ከምርመራውና ከዓመታዊ ክፍያው የሚያወጣህ።

ታዲያ የት የት ትነዳዋለህ? ወደ ክበብ ዝግጅት፣ ወደ ኤግዚቢሽን፣ ወደ ሰልፍ ትወስደዋለህ። ልትሞክረው ወይም ልታስጠግነው ታወጣዋለህ። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ አልፎ አልፎ ለመዝናናት ከቤትህ እስከ 250 ማይል ድረስ ትነዳዋለህ። 250 ማይል ትንሽ እንዳይመስልህ። ከአሌክሳንድሪያ ሪችመንድ 100 ማይል ገደማ ነው። ቨርጂኒያ ቢች፣ ፊላዴልፊያ፣ ሁሉም ይገባሉ። እኔ ግን ስካይላይን ድራይቭ ወደሚባለው የተራራ መንገድ ውሰደው ነው የምልህ። ፍሮንት ሮያል ላይ ይጀምርና 105 ማይል በተራራው ጫፍ ጫፍ ይሄዳል። የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 35 ማይል ነው። ከኋላህ ጥሩምባ የሚነፋብህ የለም። ጥቅምት ላይ ቅጠሉ ሲቀላ በቮልስ እዚያ ማለፍን ምንም አይተካውም።

ሥራ ግን አይሆንም። ሕጉ በየቀኑ ወደ ሥራ መመላለስን በስም ጠርቶ ነው የከለከለው። «አርብ አርብ ብቻስ?» የሚሉኝ አሉ። በኔ አስተያየት አርብ አርብ ማለት ራሱ ልማድ ነው፤ ልማድ ደግሞ «አልፎ አልፎ» አይደለም። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን መመላለሻም ካደረግከው እንደዚያው ነው። ለጥምቀት አሳጥበህ ብታወጣው፣ ለፋሲካ ዘመድ ጥየቃ ብትሄድበት ግን ማንም ክፉ ነገር አይልህም። ኡበርም ሆነ ምግብ ማድረስ በፍጹም አይታሰብም።

ስለ ሠርግ ሳልጠየቅ ልናገር፤ መቼም ቮልስ እንዳለህ በተሰማ በሳምንቱ የሚመጣብህ ጥያቄ እሱ ነው። የእህትህ ልጅ ስታገባ በአበባ አስጊጠህ ሙሽሮቹን ይዘህ ብትዞር ደስ ይበልህ። አንቲክ መኪና ሰው መጫን አይከለከልም። ግን «ለቅዳሜ በስንት ታከራየናለህ?» ሲሉህ እምቢ በል። በገንዘብ ሰው ማመላለስ ሌላ ፈቃድ፣ ሌላ ታርጋ፣ ሌላ ኢንሹራንስ ይፈልጋል። ውለታ ሲሆን ጥሩ ነው። ሥራ ሲሆን ከአንቲክ ታርጋው ጋር አይሄድም።

በየቀኑ ልነዳው ነው የምትል ከሆነም ክልክል አይደለም፤ መደበኛ ታርጋ አውጣለት። በየዓመቱ ትከፍላለህ፣ በየዓመቱ ኢንስፔክሽን ታስደርጋለህ። በሰሜን ቨርጂኒያ ያለው የጭስ ምርመራ ከ25 ዓመት በላይ የሆናቸውን መኪኖች ስለማይመለከት ከዚያ ነጻ ነህ። ቮልስን በየቀኑ የሚነዱ ሰዎች አውቃለሁ፤ አከብራቸዋለሁም። የሚያሳዝነኝ ሌላው ነው። የ1990ዎቹን ኮሮላ 25 ዓመት ሞላው ብለው አንቲክ ታርጋ ይለጥፉበትና ጥርሱ ያለቀ ጎማ ይዘው በየማለዳው ቤልትዌይ ላይ፣ ዋሽንግተንን በሚዞረው ሀይዌይ ላይ፣ ይወጣሉ። ፖሊስ ሲያስቆማቸው የትራፊክ ጥፋት ነው። ካልያዛቸው ደግሞ አደጋ ነው፤ ለእነሱም፣ ከፊታቸው ላለውም ሰው።

አሁን ወደምጨነቅበት ጉዳይ ልግባ። አንቲክ ታርጋ ስታወጣ መኪናው በመንገድ ላይ ለመነዳት ደህና መሆኑን ራስህ አረጋግጠህ ትፈርማለህ። ማለትም መርማሪው አንተ ነህ። ፍሬን፣ መብራት፣ መሪ፣ ማርሚታ፣ ጎማ፣ ዝናብ መጥረጊያ፣ ጥሩምባ፣ ሌላ የሚያይልህ ሰው የለም። ስለዚህ ባይጠየቅብህም መኪናውን አንድ ጊዜ ቮልስ ወደሚያውቅ መካኒክ ወስደህ ሙሉ ምርመራ አስደርግ። በየዓመቱም ድገመው።

ቮልስን በተመለከተ መጀመሪያ የማየው የቤንዚን ቱቦውን ነው። ጥንት የሚገባለት ቱቦ በጨርቅ የተሸፈነ ጎማ ነው። ከውጭ ሲታይ ደህና ይመስላል፤ ሲያጎብጡት ግን ይሰነጠቃል። ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ ሹፌሩ ሽታውን ቶሎ አይሰማም። ቤንዚኑ የጋለ ሞተር ላይ ይንጠባጠባል። ቮልስ ተቃጠለ ሲባል በብዛት ከምሰማቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። ቱቦው የጥቂት ዶላር ዕቃ ነው። መኪናው በደረሰ ቀን፣ ሌላ ምንም ሳትነካ፣ ሁሉንም አስቀይር። ካርቡራተሩና ፓምፑ ላይ ቱቦው የሚገባባቸው አጫጭር የብረት አፎችም እየላሉ ይወጣሉ፤ መካኒኩ በእጁ ነቅነቅ አድርጎ ይያቸው። ትንሽ የእሳት ማጥፊያም መኪናው ውስጥ ይኑርህ።

ሁለተኛው ባትሪው ነው። ከኋላ መቀመጫው ሥር በቀኝ በኩል ይቀመጣል። የመቀመጫው ውስጠኛ ክፍል የብረት ስፕሪንግ ነው። ከበድ ያለ ሰው ሲቀመጥበት ስፕሪንጉ ዝቅ ብሎ የባትሪውን ጫፍ ከነካ ብልጭታ ይነሳል፤ የመቀመጫው ሙሌት እሳት ይይዛል። ፋብሪካው መክደኛ ሠርቶለት ነበር፤ በብዙ መኪና ላይ ግን መክደኛው ጠፍቷል። ሙሽሮቹን ከኋላ ከማስቀመጥህ በፊት ይህን እይ። መቀመጫውን ባነሳህበት እግረ መንገድህን ከባትሪው ሥር ያለውን ወለል ተመልከት። ከባትሪው የሚፈሰው አሲድ ስለሚበላው ቮልስ ቶሎ የሚዝገው እዚያ ነው። ምንጣፍ ለብሶ ደህና የሚመስል ወለል በጣት ሲነካ የሚበሳበት ጊዜ አለ።

ፍሬኑ በአራቱም ጎማ ከበሮ ነው፤ የሚስተካከለውም በእጅ ነው። እየተበላ ሲሄድ ፔዳሉ ይወርዳል። ከየጎማው ጋር የሚያያዙት የጎማ ቱቦዎች ደግሞ ሲያረጁ ከውስጥ ያብጡና ዘይቱን ይይዙታል። ያኔ መኪናው ፍሬን ስትይዝ ወደ አንድ ጎን ይስብሃል። የ1971 ቮልስ ፍሬኑ ሁለት መስመር ስላለው አንዱ ቢበላሽ በሌላው ትቆማለህ። ከ1967 በፊት የነበሩት ግን አንድ መስመር ብቻ ነበራቸው። ይህ ለአባትህ መኪናም የሚጠቅምህ ነገር ነው።

ማሞቂያው የሚሠራው በጭስ ማውጫው ሙቀት ነው። በጭስ ማውጫው ዙሪያ ያለው የብረት ሳጥን ከዛገ ጭሱ ከሙቅ አየሩ ጋር ተቀላቅሎ ውስጥ ይገባል። ክረምት ላይ መስኮት ዘግተህ ስትነዳ ራስህን ካመመህ ወዲያውኑ ማሞቂያውን ዘግተህ መስኮቱን ክፈት። እስኪጠገን ድረስ ማሞቂያውን አትንካው።

ስለ ጎማ ደግሞ አንድ ደንበኛዬ ያስተማረኝን ልንገርህ። ጎማዎቹ አዲስ ይመስሉ ነበር፤ ጥርሳቸው ገና አልተነካም። ጎኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ሳነብ 19 ዓመት ሞልቷቸዋል። ትንሽ ስለሚነዳ አላለቁም፤ ግን ደርቀው እንደ እንጨት ሆነዋል። ጎማው ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ በኋላ የመጨረሻዎቹን አራት አሃዞች አንብብ። 2312 ካለ በ2012 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። አንቲክ መኪና ላይ ጎማ የሚለካው በጥርሱ ሳይሆን በዕድሜው ነው።

ወደ ኢንሹራንስ እንምጣ። ቀድሞ ቨርጂኒያ ውስጥ 500 ዶላር ከፍሎ ያለ ኢንሹራንስ መንዳት ይቻል ነበር። ከሐምሌ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ያ ቀርቷል። ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ዝቅተኛው ሽፋን ለአንድ ሰው ጉዳት 50,000፣ ለአንድ አደጋ 100,000፣ ለንብረት 25,000 ዶላር ነው። ላንተ ግን ከዚህ በላይ የሚያስፈልግህ ነገር አለ። ተራ ኢንሹራንስ መኪናህ ቢወድም የሚከፍልህ የአሮጌ መኪና ዋጋ ነው። ለስብስብ መኪና የሚሸጠው ኢንሹራንስ ግን ከመጀመሪያው «ይህ መኪና 12,000 ያወጣል» ተብሎ በስምምነት የተጻፈውን ይከፍልሃል። ለኢንሹራንስ ኩባንያው ስትደውል «በስምምነት የተወሰነ ዋጋ ነው ወይ?» ብለህ ጠይቅ፤ በጽሑፍም አስቀምጥ። ዋጋው ብዙ ጊዜ ከተራው ይረክሳል። ታዲያ የራሱ ሕግ አለው፤ መኪናው ጋራዥ ውስጥ እንዲያድር፣ ሌላ የዘወትር መኪና እንዲኖርህ ይጠይቃሉ። ወደ ሥራ ስትሄድ ብትጋጭ ሊከራከሩህ እንደሚችሉም አትርሳ።

አንድ የሚያስደስትህን ነገር ልጨምር። ቨርጂኒያ በመኪናው የሞዴል ዓመት የወጣ የራሷን የጥንት ታርጋ እንድትጠቀም ትፈቅዳለች። ማለትም 71 ተብሎ የተቀረጸበት ኦርጅናል የቨርጂኒያ ታርጋ ፈልገህ ካገኘህ ዲኤምቪ አጽድቆልህ በመኪናህ ላይ ትለጥፈዋለህ። የአሮጌ ዕቃ ገበያና ኢንተርኔት ላይ ይሸጣል። የቨርጂኒያ ብቻ፣ እውነተኛው ብቻ፤ አስመስሎ የተሠራ አይሆንም። መጀመሪያ ቁጥሩን ዲኤምቪ ጠይቅ፣ ከዚያ ግዛ። የአዲስ አበባ ታርጋ በቨርጂኒያው ቦታ አይለጠፍም፤ ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ነው።

በየዓመቱ የከተማው የመኪና ታክስም አለ። አንቲክ መኪና ላይ አንዳንዱ ካውንቲና ከተማ ያቃልላል። ታርጋውን እንዳወጣህ ለአሌክሳንድሪያ ከተማ የታክስ ቢሮ ደውልላቸው። ሜሪላንድ ወይም ዲሲ ሆነህ ይህን የምታነብ ካለህ ደግሞ እዚያ «ሂስቶሪክ» ነው የሚባለው፤ ደንቡም የየራሳቸው ነው። የኔን ቁጥር ይዘህ እዚያ አትሂድ።

አሁን የአባትህ መኪና። ማምጣት ይቻላል። 25 ዓመት የሞላው መኪና ከአሜሪካ ፌዴራል የደህንነት መስፈርት ነጻ ነው። የአካባቢ ጥበቃው ደግሞ 21 ዓመት ከሞላውና ሞተሩ እንደ ፋብሪካው ከሆነ ያስገባዋል። ኤችኤስ-7 እና 3520-1 የሚባሉ ሁለት ቅጾች ይሞላሉ። እኛ አገር መሪው በግራ ስለሆነ በዚያ በኩል ችግር የለም። ሥሩ በደንብ ይታጠብ፤ የአገር ቤት አፈር ከተገኘበት ወደብ ላይ ያቆሙታል። የጉምሩክ ማህተም ያረፈበትን ወረቀት አትጣል፤ ያለ እሱ ቨርጂኒያ ታይትል አትሰጥህም።

ሊብሬው ላይ ግን ሁለት ነገር ተጠንቀቅ። አንደኛ በአባትህ ስም ስለሆነ ወራሽነቱ አስቀድሞ በፍርድ ቤት ማለቅ አለበት። ወንድም እህት ካለህ ይስማሙ። ሁለተኛ የዘመን አቆጣጠሩ። ሊብሬው ላይ የሞዴል ዓመቱ በፈረንጅ፣ የተመዘገበበት ቀን በእኛ ሊሆን ይችላል። ተርጓሚው ሳያስተውል 1964 ያለውን እንዳለ ከገለበጠው ዲኤምቪ የ1964 መኪና ነው ብሎ ያነበዋል። በእኛ ከሆነ ግን 1971 ወይም 1972 ነው። ያኔ ወረቀቱና የሻንሲ ቁጥሩ አይገጥሙም፤ ቀኑን ሙሉ ስትከራከር ትውላለህ። ተርጓሚው ከእያንዳንዱ ቀን ጎን በማን አቆጣጠር እንደሆነ ይጻፍ።

ይሻላል ወይ ላልከኝ፣ አስተያየቴን እነግርሃለሁ። በገንዘብ ካሰብከው አያዋጣም። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በመርከብ፣ እንደገና እዚህ ወደብ ላይ፤ ወጪው ኒው ዮርክ ካለው ቮልስ ዋጋ ጋር ሊወዳደር ይችላል። ቆሞ የኖረ መኪና ደግሞ ፍሬኑም፣ ታንከሩም፣ ጎማውም ሥራ ይፈልጋል። እኔ አንተን ብሆን የኒው ዮርኩን እገዛለሁ። በእሱ ላይ ቮልስን እማራለሁ። የአባቴን ግን አልሸጥም። ዝናብ የማይነካው ቦታ አስገባው፣ ከጎማው ከፍ አድርገህ በድንጋይ ላይ አስቀምጠው፣ ባትሪውን አውጣው። አገር ቤት ስትሄድ ደግሞ የማርሹን እጀታ ፈትተህ ይዘኸው ና። ክሩ እንደ ሞዴሉ ዓመት ይለያያል፤ ካልገጠመ ማገናኛ አለው። አባትህ በእጁ ይዞት የኖረውን እጀታ ጨብጠህ ስካይላይን ላይ ማርሽ ትቀይራለህ።

ለዛሬ የምትሠራው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሻጩን የሦስት ነገር ፎቶ ጠይቀው፦ የሬጅስትሬሽኑን ፊትና ጀርባ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን ቁጥር፣ ከኋላ መቀመጫው ሥር ያለውን ቁጥር። መቀመጫውን ማንሳት ከባድ ነው ካለህ ሁለት ደቂቃ እንደማይፈጅ ንገረው። ሦስቱም ገጥመው 111 ብለው ከጀመሩ ጭነቱን ተነጋገር።